ጓንት ለደም እንጂ ለሰው አይደለም

የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ኤች አይ ቪ በአረጋውያን መጦሪያ

ከወሎ የተለያዩ ከተሞች ከአረጋውያን ማዕከላት የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ስለተገናኙ የዚህን እትም አምድ ለእነሱ ሰጥተናል። በመጦሪያ ቤቶች ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ አባቶችና እናቶች መገኘታቸው ሊያስደንቅ አይገባም። በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ በ45 ዓመታቸው የጀመሩ ሰዎች ዛሬ 65ን ተሻግረዋል። ለእርጅና የበቁትም መድኃኒቱ ሥራውን ስለሠራ ነው።

ጥያቄ (አስታማሚ፣ ከደሴ)፦ በቅርቡ ወደ ማዕከላችን የገቡ አንድ አባት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስዳሉ። ባልደረቦቼ ሳህናቸውንና ብርጭቆአቸውን ለዩባቸው፤ ሲያጎርሷቸውም ጓንት ያደርጋሉ። እኔ ቅር ቢለኝም ምን ብዬ እንደምከራከር አላወቅኩም። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ልክ አይደሉም። ሳህኑንም ብርጭቆውንም ዛሬውኑ ከሌላው ጋር ይቀላቅሉት። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በወንድ ዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልት ፈሳሽና በጡት ወተት ነው። ምራቅ፣ ላብ፣ እንባ፣ ሽንትና ሰገራ ደም ካልተቀላቀለባቸው በስተቀር አያስተላልፉም። አብሮ ከአንድ ትሪ መብላት፣ ማጉረስ፣ ጉንጭ መሳም፣ ጀርባ ማሸት፣ በአንድ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ሁሉም ምንም ስጋት የለበትም።

ጓንት የሚደረገው ደም ሲኖር፣ ቁስል ሲታሸግ፣ ዳይፐር ሲቀየር፣ የሽንት ከረጢት ሲደፋና አፍ ውስጥ ሲጸዳ ነው። አፍ ያልነው የአረጋውያን ድድ በትንሹ ስለሚደማ ነው። ዳይፐሩ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ይልቅ በተቅማጥ ጀርሞች ምክንያት ነው። ለማጉረስ፣ ልብስ ለማልበስ፣ ደግፎ ለማስኬድና ያልቆሰለ ገላ ለማጠብ ጓንት አያስፈልግም። እጅዎ ላይ ጭረት ካለ ውኃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍነው ሥራዎን ይቀጥሉ።

ብዙ ቦታ የምናየው ትልቁ ጥፋት ሌላ ነው፤ አንድ ጓንት አድርጎ ከአልጋ ወደ አልጋ መዘዋወር። ያ ጓንት የአስታማሚውን እጅ ይጠብቅ ይሆናል እንጂ ተከታዩን አረጋዊ አይጠብቅም፤ እንዲያውም የቀዳሚውን ተቅማጥ ይዞላቸው ይሄዳል። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሥራ አንድ ጓንት ነው። አጥቦ ደግሞ መጠቀምም አይሠራም፤ ሲታጠብ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጃል። ጓንቱ ከወለቀ በኋላ እጅ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠባል። ቧንቧ በሌለበት ክፍል ባለ መክፈቻ ጀሪካን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ቆሻሻ ያልታየበትን እጅ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማሸት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። የእኚህ አባት ውጤት እንዴት የመላው ሠራተኛ ወሬ ሆነ? ማወቅ ያለባቸው ሕክምናቸውን የሚከታተሉት ብቻ ናቸው፣ እሱም በፈቃዳቸው። ለሌላው ሠራተኛ ማወቁ ጥቅም የለውም፤ ምክንያቱም አብረዋቸው ካሉት አረጋውያን መካከል ተመርምረው የማያውቁ ይኖራሉ። የማንኛውም ሰው ደም ሲነካ በእኩል ጥንቃቄ ነው።

ጥያቄ (የጽዳት ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ)፦ አረጋውያኑ ወድቀው ሲደሙ ወለሉ ላይ በረኪና ሳይበረዝ እናፈሳለን። ሽታው ያስላቸዋል፤ እኛንም ዓይናችንን ያቃጥለናል። መጠኑ ስንት ነው? አንሶላውስ?

መልስ፦ ለደም የሚያስፈልገው 0.5 በመቶ ክሎሪን ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከተጻፈ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ በሻይ ብርጭቆ ቢለኩት አንድ ለዘጠኝ ማለት ነው። 4 በመቶ ከሆነ አንድ ለሰባት ይሆናል። ከዚህ ማወፈር ሳንባ ከማስቆጣት በቀር ትርፍ የለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጓንት ያድርጉ። መጀመሪያ ደሙን በወፍራም ጨርቅ ወይም ወረቀት መጥጠው አንሱትና በፕላስቲክ ከረጢት ቋጥሩት። ይህን ዘለው በደሙ ላይ በረኪና ካፈሰሱ ደሙ ክሎሪኑን ስለሚያደክመው ከሥሩ ያለው አይጸዳም። ከዚያ የተበረዘውን አፍሱና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህችን 10 ደቂቃ ነው፤ አፍስሶ ወዲያው መወልወል ወለሉን ማርጠብ ብቻ ነው። በመጨረሻ ወልውላችሁ በሳሙናና ውኃ እጠቡት፣ አድርቁትም፤ እርጥብ ወለል ሌላ ሰው ይጥላል።

በፈላ ውኃ አትበርዙት፤ ክሎሪኑ ይተናል። ሽንት ላይ አታፍሱ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋርም አትቀላቅሉት፤ ሁለቱም ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣሉ። ሽንት በመጀመሪያ በውኃና ሳሙና ይነሳል። የተበረዘው በየጠዋቱ አዲስ ይዘጋጅ፤ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋ። በኮምቦልቻ ሙቀት ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር የተቀመጠ በረኪና ሳይከፈትም ኃይሉን ያጣል፤ ጨለምና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልጉለት። ሰው ገላ ላይ፣ ቁስል ላይ፣ የተወጋ ጣት ላይ በፍጹም አይፈስም።

የአንሶላው እዳው ገብስ ነው። ደም የነካውን አታራግፉ፣ ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ አትሂዱ፤ ደሙ ወደ ውስጥ ሆኖ ይጠቅለል። በቀዝቃዛ ውኃ ደሙ ከለቀቀ በኋላ በዱቄት ሳሙና፣ 70 ዲግሪ በሚደርስ ሙቅ ውኃ 25 ደቂቃ ይታጠባል። ያን ያህል ማሞቅ ካልተቻለ በ10 ሊትር ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሮ ነጩን አንሶላ 30 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ከዚያ አጥቦ ፀሐይ ላይ መስቀል ነው። የሱፍ ብርድ ልብስና ባለ ጥለት ጋቢ በረኪና ስለሚያበላሻቸው በሳሙና ብቻ ይታጠቡ። ፍራሹን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከሆነ ከግማሹ ጣጣ ተገላግላችኋል።

ጥያቄ (የሌሊት ተረኛ፣ ከሐይቅ)፦ ለአንዲት እናት ኢንሱሊን ወግቼ ክዳኑን ስመልስ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ጣቴን ጨመቅኩትና አልኮል አፈሰስኩበት። እማማ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አላውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ይህን ሲያነቡ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመርበት 72 ሰዓት አልፎ ይሆናል፤ ቢያልፍም ለምርመራ ይሂዱ። ሌላው አንባቢ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይያዝ።

የተወጋ ጣት ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠባል። አይጨመቅም፣ አይመጠጥም፤ አልኮልና በረኪና ሥጋውን ስለሚጎዱት አይፈስበትም። ደም ዓይን ውስጥ ከተረጨ ዓይኑን ገልጦ በንጹሕ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው። ቀጥሎ ለኃላፊ ነግሮ ወደ ጤና ተቋም መሄድ፤ ሌሊትም ቢሆን። መከላከያው መድኃኒት በተቻለ መጠን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ይጀመራል። «ነገ ኃላፊው ሲገባ» ብሎ ማደር ነው ነገሩን የሚያበላሸው። ሐይቅ ላይ መድኃኒቱ ካልተገኘ ደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት።

መድኃኒቱ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ሳምንት ወስደው «ደህና ነኝ» ብለው የሚተዉት ብዙ ናቸው፤ ያኔ ባይጀምሩት ይሻላቸው ነበር ለማለት ይቃጣናል። ምርመራው በመጀመሪያው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ይደረጋል። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀማሉ፣ ደም አይለግሱም። እናትየዋም በፈቃዳቸው እንዲመረመሩ ይጠየቃሉ። ነፃ ሆነው ከተገኙ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ይቆማል።

ስጋቱን በልኩ ለማየት፦ ቫይረሱ ያለበት ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች መካከል ያለ መከላከያ መድኃኒት የሚያዙት ወደ 3 ይሆናሉ። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው በጣም ይከፋል፤ ከ100 ተወጊዎች እስከ 30 ሊይዝ ይችላል። ደረቅ ነገር ላይም ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። በማዕከላት ስለ ኤች አይ ቪ ሲወራ ስለ ጉበት ቢ ዝም መባሉ አይገባንም። ክትባት አለው፤ ሦስት ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ከ1 ወር፣ ሦስተኛው ከመጀመሪያው 6 ወር በኋላ። መርፌ የሚነካ ሠራተኛ ሁሉ ይከተብ።

መርፌው ክዳኑ አይመለስም፤ አደጋው የደረሰብዎ በዚያች ቅጽበት ነው። የመርፌ ማስወገጃው ሳጥን ወደ ወንበርዎ ቀርቦ ይቀመጥ፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸግ። ሳጥን ከሌለ ወፍራም፣ ጠመዝማዛ ክዳን ያለው ባዶ የዘይት ጀሪካን ለጊዜው ያገለግላል። የስኳር መለኪያው ጣት መውጊያ፣ መርፌው ብቻ ሳይሆን እጀታውም፣ ለየሰው የራሱ ይሁን። ምላጭም እንዲሁ፤ በፕላስተር ስም ጽፈው ይለጥፉበት። ወገብ ያመማቸው አባቶች ዋግምት የሚነቅል ሰው ካስገቡ ምላጩ ከእሽጉ በፊታችሁ ይከፈት፣ ቀንዱም ለሌላ ሰው የተሠራበት አይሁን።

ጥያቄ (የማዕከል ኃላፊ፣ ከወልዲያ)፦ የ68 ዓመት እናታችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን፣ የጨጓራ ሽሮፕና የካልሲየም ክኒን ይወስዳሉ። እንዳይረሱ ሁሉንም ጠዋት በአንድ ላይ እንሰጣለን። ሰሞኑን የቫይረስ መጠናቸው ከፍ ብሏል ተባልን። አንድ ቀን አላቋረጥንም። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ጥርጣሬያችን ሽሮፑ ላይ ነው። አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ የተሠሩበት ክኒን ነው። ዶሉቴግራቪር ከጨጓራ ሽሮፑ ማግኒዚየምና አሉሚኒየም ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቅና ወደ ደም ሳይገባ በሰገራ ይወጣል። እናትየዋ በየቀኑ ውጠዋል፤ ሰውነታቸው ግን ሙሉውን አላገኘም።

ክኒኑ ከሽሮፑ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም ሽሮፑ ከተወሰደ 6 ሰዓት ቆይቶ መዋጥ አለበት። ቀላሉ መንገድ ክኒኑን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ማድረግ፣ ሽሮፑን ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አለመስጠት ነው። ካልሲየምና አይረን ከምግብ ጋር ከሆነ ከክኒኑ እኩል መዋጥ ይችላሉ፤ በባዶ ሆድ ግን እንደ ሽሮፑ ይራቁ። የማታው ክኒን እንቅልፍ የሚነሳቸው ካሉ ወደ ማለዳ ይዞር፣ ሽሮፑም ተከትሎ ይዛወር። ኦሜፕራዞል ከዶሉቴግራቪር ጋር ችግር ስለሌለው ሐኪሙ ሽሮፑን በእሱ ሊቀይረው ይችላል።

ሜትፎርሚንን ዶሉቴግራቪር በደም ውስጥ ያበዛዋል፤ በቀን ከ1,000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ከዚያ በላይ የሚወስዱ ከሆነ የስኳሩም የኤች አይ ቪውም ሐኪም ይወቁት። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ክሊኒክ፣ ሁለቱም ስለ ሌላው የማያውቁ፤ የአረጋውያን ጣጣ አብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ስለዚህ የሚውጡት ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በየቀጠሮው አብሯቸው ይሂድ። በዚህ ወረቀት ላይ በቀይ የሚሰመርባቸው አሉ። የቲቢው ሪፋምፒሲን የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንስ ከ12 ሰዓት በኋላ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር ይታዘዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም ይቀንሱታል። ለወገብና ለጉልበት ከየፋርማሲው የሚገዛው ዳይክሎፌናክ ከቴኖፎቪር ጋር ሆኖ ኩላሊት ይጎዳል፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ለኩላሊት የክሬቲኒን ምርመራ ማስታወስ የእናንተ ድርሻ ይሁን።

የቫይረሱ መጠን ከፍ አለ ማለት መድኃኒቱ ተላመደ ማለት አይደለም። አወሳሰዱ ተስተካክሎ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ምርመራው ይደገማል፤ የመድኃኒት ለውጥ የሚታሰበው ያኔ ነው። እስከዚያ ግን ሲዋጥ በዓይን ይታይ። ክኒኑን ከብርጭቆ ውኃ ጋር ኮመዲኖ ላይ አስቀምጦ መሄድ መስጠት አይባልም፤ አንሶላ ሲቀየር ትራስ ሥርና ጋቢ እጥፋት ውስጥ የሚገኙትን ክኒኖች የጽዳት ሠራተኞች ያውቋቸዋል። ከተረሳ እንደታወሰ ይሰጥ፤ ለቀጣዩ የቀረው ከ4 ሰዓት በታች ከሆነ ግን ይዘለል። ሁለት በአንድ ጊዜ አይሰጥም።

ስለ ጾም ባይጠይቁንም ወሎ ውስጥ ሆነን ልንዘለው አንችልም። ክኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነና ምግብ ስለማይፈልግ፣ ሐኪማቸው ጾሙን ከፈቀደላቸው በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ፣ በዐቢይ ጾምም ማታ ቢወሰድ ጾሙ አይነካም። ጸበል የሚጠጡም ይጠጡ፤ ጸበልና ክኒን አይጣሉም። ብቻ ጸበሉ የሚያስታውካቸው ከሆነ ክኒኑ አብሮ እንዳይወጣ ጸበሉ ጠዋት፣ ክኒኑ ማታ ይሁን።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ ማዕከሉ የሚገቡትን ሁሉ በግዴታ ቢያስመረምር አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፤ ማስገደድ አይቻልም፣ ውጤቱም ለመግቢያ መስፈርት ሊሆን አይገባም። እንዲመረመሩ መጋበዝ ግን ተገቢ ነው። ሽማግሌ ስለሆኑ ማንም አይጠይቃቸውም፤ መክሳቱም፣ መርሳቱም «እርጅና ነው» ይባላል። አልማዝ ባለጭራ ሲወጣባቸው፣ የሳንባ ምች ሲመላለስባቸው ወይም አፋቸው ውስጥ ነጭ ሽፋን ሲታይ ምርመራውን ደግማችሁ አንሱ። ቫይረሱ በቅርቡ ገብቶ ከሆነ ምርመራው እስከ 3 ወር ላያሳይ ስለሚችል ይደገማል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በማዕከላችን የሚኖሩ ሁለት አረጋውያን ሊጋቡ ነው። አባትየው መድኃኒት ይወስዳሉ። ሠራተኛው ሁሉ ተንጫጫ። ምን እንበላቸው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ በሏቸው። ለሙሽራዋ የሚነግሯት ግን እሳቸው ናቸው፤ ከክሊኒኩ አማካሪ ጋር ሆነው ቢነግሯት ይቀላል። በመድኃኒቱ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰለትና መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ምርመራቸው መቼ ነበር፣ ስንት አለ ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ኮንዶም ያስፈልጋል። የወር አበባ ያቋረጠች ሴት የብልቷ ግድግዳ ስለሚሳሳና ስለሚደርቅ በቀላሉ ይጫራል፤ በውኃ የተሠራ ማለስለሻ ይጠቅማል። ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት ኮንዶሙን ስለሚያሳሱት አይሆኑም።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ ማዕከላችን ውስጥ ሰው ሲያርፍ የጀናዛ አጣቢዎችና ገናዦች ከሰፈር ይመጣሉ። ሟቹ ቫይረሱ ከነበረባቸው ልንነግራቸው ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። ምስጢሩ ከሞት በኋላም የሟች ነው፤ ጥንቃቄውም ለሁሉም አስከሬን አንድ ዓይነት ስለሆነ መንገር የሚጨምረው ነገር የለም። ቫይረሱ ሰው እንደሞተ ወዲያው ስለማይሞት ግን ጥንቃቄው አይቀርም። ክንድ ላይ የቀረ የግሉኮስ መርፌና የሽንት ቱቦ አጣቢዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በነርስ ይነቀል። ቁስሎች በፕላስተር ይሸፈኑ። ለአጣቢዎቹ ጓንትና የፕላስቲክ ሽርጥ አዘጋጁላቸው፤ የቤት ጽዳት የላስቲክ ጓንትም ይሆናል። በእጥበቱ ሆድ የሚጫነው በዝግታ ይሁን፣ ፈሳሽ እንዳይረጭ፤ የሚፈስ ካለ በጥጥ ይታፈን። ውኃው ሰው በማይረግጠው ጉድጓድ ወይም ሽንት ቤት ይደፋ፣ አልጋው ከላይ በጠቀስነው አንድ ለዘጠኝ በረኪና 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠብ። ከከፈን ወይም ከግንዘት በኋላ ቤተሰብ ቢያቅፍ፣ ቢስም፣ ቢሸከም ምንም የለበትም። ልዩ ከረጢትም፣ የተለየ መቃብርም አያስፈልግም።